ከደመናው ሥዕል በስተጀርባ ያለው አየር፦ ለቤት በረራ ሲሙሌተር የአየር ሁኔታ ፕሮግራም እንዴት ይመረጣል፣ እንዴትስ ይፈተሻል?

ጤና ይስጥልኝ። ዛሬ የምናወራው በቤት ኮምፒውተር ላይ ለሚሠሩ የበረራ ሲሙሌተሮች በተጨማሪነት ስለሚጫኑ የአየር ሁኔታ ፕሮግራሞች ነው። ይህ ጉዳይ ሲነሳ ሁልጊዜ ቀድሞ የሚመጣው ጥያቄ «የየትኛው ደመና ያምራል?» የሚል ነው። ያማረ ሰማይ ማንም ይወዳል፤ ጥያቄው አይከፋም። ግን አውሮፕላኑን የሚሸከመው ሥዕሉ ሳይሆን አየሩ ነው። አየሩ ሙቀት አለው፣ ግፊት አለው፣ ከየት ወደ የት እንደሚነፍስ ይታወቃል። እነዚህ ቁጥሮች ከተሳሳቱ የያዛችሁት ነዳጅ አይበቃም፣ አውሮፕላኑ መውጣት ያለበት ከፍታ ላይ አይደርስም፣ ለማረፍ ስትቀርቡ ፍጥነቱ ይምታታባችኋል። ደመናው ግን ያን ጊዜም እንዳማረበት ነው። ስለዚህ አብዛኛውን ጊዜያችንን የምናጠፋው በማይታየው ነገር ላይ ነው።

ማንኛውም የአየር ሁኔታ ፕሮግራም ሦስት ሥራ አለው። መረጃ ከኢንተርኔት ያወርዳል፤ መረጃ የሌለበትን ቦታና ከፍታ በስሌት ይሞላል፤ ያገኘውን ውጤት ለሲሙሌተሩ ያስረክባል። የሚያወርዱት መረጃ በአብዛኛው ተመሳሳይ ነው። ጥሩውን ከደካማው የሚለየው ክፍተቱን የሚሞላበት መንገድና የሚያስረክብበት በር ነው።

ከመረጃው እንነሳ። ዋናው ምንጭ ሜታር ነው፤ አውሮፕላን ማረፊያዎች በየሰዓቱ ወይም በየግማሽ ሰዓቱ የሚያወጡት ዘገባ። ሁኔታው በመሃል በድንገት ከተለወጠ ልዩ ዘገባ ይወጣል። የቦሌ ሜታር እንዲህ ይላል እንበል፦ ነፋስ ከ090 ዲግሪ በ10 ኖት (በሰዓት 10 የባሕር ማይል)፣ እይታ 9999፣ ሰማዩን በአብዛኛው የሸፈነ ደመና በ2,500 ጫማ፣ ሙቀት 18፣ የጤዛ ነጥብ (እርጥበቱ ወደ ጠብታ የሚለወጥበት ሙቀት) 12፣ ግፊት 1024 ሄክቶፓስካል። አጭርና ግልጽ ነው። ሆኖም እያንዳንዱ ቁጥር ፕሮግራም የሚሳሳትበት ነገር አለው።

9999 ማለት እይታው 10 ኪሎ ሜትር ወይም ከዚያ በላይ ነው ማለት ነው። ከዚያ በላይ ስንት እንደሆነ ዘገባው አይናገርም። ቁጥሩን እንዳለ የሚወስድ ፕሮግራም 10 ኪሎ ሜትር ላይ የጭጋግ ግድግዳ ይዘረጋል። ዝናብ አየሩን ባጠበበት ቀን ከቦሌ ተነስታችሁ ወደ ደቡብ ስትዞሩ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚርቀው ዝቋላ ፊት ለፊታችሁ ቁልጭ ብሎ መታየት አለበት። ካልታየ አየሩ አልቆሸሸም፤ ፕሮግራሙ 9999ን እንደ ጣሪያ ቆጥሮታል። ጥሩ ፕሮግራም እይታው 10 ኪሎ ሜትር ሲሞላ ቀሪውን ከእርጥበቱና ከሙቀቱ ይገምታል፤ ወደ ላይ በወጣችሁ ቁጥርም እይታውን ያሰፋዋል። አብዛኞቹ ፕሮግራሞች «ከፍተኛ እይታ» የሚል ሴቲንግ ስላላቸው በመጀመሪያው ቀን ፈልጋችሁ ከፍ አድርጉት።

የደመናው ከፍታ ከዚህ የበለጠ ጥንቃቄ ይፈልጋል። በሜታር 2,500 ጫማ የሚባለው ከማረፊያው መሬት ተለክቶ ነው። ቦሌ ከባሕር ወለል 7,625 ጫማ ላይ ስላለ የደመናው ወለል በከፍታ መለኪያችሁ ላይ 10,125 ጫማ ገደማ ይውላል። የእንጦጦ ጫፍ 3,200 ሜትር አካባቢ ነው፤ በጫማ 10,500። በዚህ ዘገባ መሠረት የተራራው አናት ደመና ውስጥ መግባት አለበት ማለት ነው። ደመናውን በየቦታው ካለው መሬት እየለካ የሚሰቅል ፕሮግራም ግን እንጦጦ ላይ ሲደርስ ሌላ 2,500 ጫማ ይጨምርና ጫፉን ጥርት አድርጎ ያሳያችኋል። በእውነተኛው ዓለም ተራራ የሚደበቅበትን ቀን ሲሙሌተሩ ገላልጦ ሲያሳያችሁ ስሕተቱ ቀላል አይደለም፤ የመሬትን ከፍታ በቻርት መጠበቅን የመሰለ ልማድ ያበላሻል። ደመናው የት መሆን እንደሚገባው በራሳችሁ ለማመሳከር የሙቀቱንና የጤዛ ነጥቡን ልዩነት በ400 አባዙት። 18 ሲቀነስ 12፣ 6 ነው፤ በ400 ሲባዛ 2,400 ጫማ ይሆናል፤ ከዘገባው ጋር ይገጥማል። ይህ ስሌት የሚሠራው መሬት ሲሞቅ ወደ ላይ ለሚያድገው ዓይነት ደመና ብቻ ነው፤ ለሌሊት ጭጋግና ከሩቅ ለመጣ ንብርብር ደመና አትጠቀሙበት።

ሁለተኛው ምንጭ የትንበያ ሞዴል ነው። በብዛት የሚሠራበት ጂኤፍኤስ የተባለው የአሜሪካ ብሔራዊ የውቅያኖስና የከባቢ አየር አስተዳደር ሞዴል ሲሆን መረጃው ለሁሉም በነፃ ክፍት ነው። በቀን አራት ጊዜ ይሰላል፤ በዙሉ ሰዓት፣ ማለትም በዓለም መደበኛ ሰዓት 00፣ 06፣ 12 እና 18። ምድርን በሩብ ዲግሪ፣ ማለትም በ28 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀት በካሬ ከፋፍሎ ለእያንዳንዱ ነጥብ በየከፍታው ነፋስና ሙቀት ይሰጣል። ስሌቱ ተጠናቅቆ ፋይሉ እስኪወጣ ጥቂት ሰዓታት ስለሚፈጅ የምትበሩበት ነፋስ ሁልጊዜ ትንበያ እንጂ ልኬት አይደለም። በሀገራችን አቆጣጠር ሰዓት ለምትሠሩ ከዙሉ 3 መቀነስ ብቻ ነው፦ 06 ዙሉ ከጠዋቱ 3 ሰዓት፣ 12 ዙሉ ከቀኑ 9 ሰዓት።

ስለ ሰዓት ካነሳን፣ ብዙ ኮምፒውተር ላይ የሚታይ ችግር አለ። የኮምፒውተሩን ሰዓት በእጅ ወደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር የሚያዞሩ ሰዎች አሉ፤ ጠዋት 3 ሰዓት ሲሆን ስክሪኑም 3:00 እንዲል። የሰዓት ክልሉ ግን አዲስ አበባ ወይም ናይሮቢ እንደተባለ ይቀራል። ኮምፒውተሩ ከዚያ ላይ 3 ቀንሶ ዙሉ ሰዓት 00 ነው ብሎ ያምናል፤ እውነተኛው 06 ነው። ፕሮግራሙም የ6 ሰዓት የቆየ ነፋስ ይጭናል፣ አዲሱን ሜታር «ከወደፊት የመጣ» ብሎ ሊጥለውም ይችላል። መፍትሔው የዊንዶውስን ሰዓት በራሱ እንዲስተካከል መተውና የሀገራችንን ሰዓት ግድግዳ ላይ ማየት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንግባ፤ ክፍተቱ እንዴት ይሞላል? በአውሮፓና በአሜሪካ ሜታር የሚያወጡ ማረፊያዎች የተቀራረቡ ስለሆኑ ፕሮግራሙ ቢሰንፍም ስሕተቱ ብዙም አይታይም። በአፍሪካ ቀንድ ግን ጣቢያዎቹ ተራርቀዋል፤ በመካከላቸው ያለው መሬት ደግሞ ከበረሃ ወደ ደጋ ዘሎ ይወጣል። ሰነፍ ፕሮግራም የሚጋለጠው እዚህ ነው።

ከአዲስ አበባ ወደ ጅቡቲ እየበረራችሁ ነው እንበል። ቦሌ 22 ዲግሪ፣ ጅቡቲ 38 ዲግሪ ዘግበዋል፤ በመሃል ያለው ድሬዳዋ ዘገባ አላወጣም። ከሁለቱ እኩል ርቀት ላይ ደካማው ፕሮግራም አማካዩን ይወስዳል፦ 30 ዲግሪ። ቦታው 900 ሜትር ላይ ያለ ቆላ ይሁን 2,500 ሜትር ላይ ያለ የሐረርጌ ደጋ አይጠይቅም። ትክክለኛው መንገድ ሁለቱንም ቁጥሮች መጀመሪያ ወደ ባሕር ወለል ማውረድ ነው። ሙቀት በእያንዳንዱ ሺህ ሜትር በ6.5 ዲግሪ ይለወጣል ብለን ብንይዝ፣ 2,324 ሜትር ላይ ያለው የቦሌ 22 ዲግሪ ባሕር ወለል ላይ 37 ይሆናል። ጅቡቲ እዚያው ባሕር ዳር ስለሆነች 38ቷ እንዳለች ናት። እነሆ፣ በጣም የተራራቁ የመሰሉት ሁለት ቁጥሮች አንድ ዓይነት አየር ሆነው ተገኙ። ከዚህ ተነስቶ 900 ሜትር ላይ ላለው ቆላ 32፣ 2,500 ሜትር ላይ ላለው ደጋ 21 ይደርሰዋል። ፕሮግራሙ ይህን እንደሚያደርግ ማወቅ ከፈለጋችሁ ሜታር የሌለው ከፍ ያለ ቦታ ላይ አውሮፕላኑን አቁማችሁ የውጭውን ሙቀት አንብቡ፤ ከዚያ በአቅራቢያው ያለ ቆላ ላይ አንብቡ። ሁለቱ ቦታ ላይ አንድ ዓይነት ሙቀት ካገኛችሁ መልሱን አግኝታችኋል።

ወደ ላይ ሲወጣ ደግሞ ሌላ ስሕተት አለ፤ በደጋ ማረፊያ ላይ ካልሆነ በቀር አይታወቅም። በመደበኛው የከባቢ አየር ሰንጠረዥ 7,625 ጫማ ላይ ሊኖር የሚገባው ሙቀት ዜሮ ዲግሪ ገደማ ነው። በበጋ ከሰዓት በኋላ ቦሌ 24 ሲሆን ከመደበኛው በ24 ዲግሪ ይሞቃል ማለት ነው። ደካማው ፕሮግራም ይህን ትርፍ ሙቀት እንዳለ ይዞት ይወጣል። 35,000 ጫማ ላይ መደበኛው −54 ስለሆነ 24 ጨምሮ −30 ይላችኋል። በኛ ኬክሮስ በዚያ ከፍታ ብዙ ጊዜ የሚገኘው −43 እስከ −45 ነው። የመሬት ሙቀት የሚያሞቀው የታችኛውን ንብርብር ብቻ ነው፤ 35,000 ጫማ ላይ ያለው አየር የቦሌን ቀትር አያውቀውም። ውጤቱን የምታዩት በአውሮፕላኑ ላይ ነው፦ ሞተሩ አቅም ያጣል፣ የበረራ ኮምፒውተሩ የሚፈቅደው ከፍተኛ ከፍታ ይወርዳል፣ ነዳጁ ከታቀደው በላይ ይሄዳል። አብራሪው አውሮፕላኑን የሠራውን ኩባንያ ይወቅሳል፤ ጥፋቱ የአየሩ ሆኖ ሳለ። ምልክቱ ይህ ነው፤ ሌሊት፣ ቦሌ 10 ዲግሪ ሲሆን፣ እዚያው ከፍታ ላይ ሙቀቱ ትክክል ይመስላል፤ ከሰዓት በኋላ ስትነሱ ይበላሻል። የቀንና የሌሊት ለውጥ 35,000 ጫማ ድረስ የሚከተላችሁ ከሆነ ፕሮግራሙ የላይኛውን ሙቀት ከሞዴሉ እየወሰደ አይደለም።

ነፋሱም እንዲሁ። የሜታር ነፋስ ከመሬት 10 ሜትር ላይ የተለካ ነው፤ ከዚያ በላይ ያለው ከሞዴሉ መምጣት አለበት። የሞዴሉ ከፍታዎች ግን በጫማ ሳይሆን በግፊት የተሰየሙ ናቸው፦ 1000፣ 925፣ 850፣ 700፣ 500 ሄክቶፓስካል እያለ ይወጣል። ቦሌ መሬት ላይ ያለው ትክክለኛ ግፊት 770 ገደማ ነው። በሌላ አነጋገር አዲስ አበባ ላይ የ1000፣ የ925 እና የ850 ንብርብሮች ከመሬት በታች ናቸው። ሞዴሉ ለነሱም ቁጥር ይሰጣል፤ ግን በስሌት የተሞላ ባዶ ቁጥር እንጂ የሚነፍስ ነፋስ አይደለም። እውነተኛው የ700 ንብርብር 10,300 ጫማ ገደማ ላይ ነው፤ ከማኮብኮቢያው 2,700 ጫማ ያህል ከፍ ብሎ። ጥሩ ፕሮግራም ከ10 ሜትሩ ነፋስ ተነስቶ በመሃል ያሉትን የሞዴሉን ንብርብሮች ብቻ እየያዘ ወደ 700 ቀስ በቀስ ያሸጋግራችኋል። መጥፎው የ850ን ቁጥር ለቦሌ የመጨረሻ አቀራረብ ያውለዋል፤ ማኮብኮቢያው ላይ 10 ኖት የምሥራቅ ነፋስ ተዘግቦ ሳለ 500 ጫማ ላይ ነፋሱ ከጀርባ ይሆንባችኋል። እንዲህ ዓይነት ድንገተኛ ለውጥ በእውነትም ይኖራል፤ ነጎድጓድ አጠገብ ሲሆን። በጠራ ጠዋት በእያንዳንዱ አቀራረብ ላይ፣ እዚያው ከፍታ ላይ የሚደጋገም ከሆነ ግን የፕሮግራሙ ነው።

ሦስተኛው ነገር የሲሙሌተሩ በር ነው፤ ፕሮግራሙ የቱንም ያህል ቢራቀቅ ሲሙሌተሩ ከሚቀበለው በላይ ሊሰጥ አይችልም። እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣው የማይክሮሶፍት ኤፍኤስኤክስ እና ከሱ የተወለደው የሎክሂድ ማርቲን ፒ-ስሪ-ዲ ሲምኮኔክት በተባለ በር ለእያንዳንዱ ጣቢያ ለየብቻ የአየር ሁኔታ ይቀበላሉ። አክቲቭ ስካይ የተባለው የሂፊ ሲሙሌሽን ቴክኖሎጂስ የአየር ሁኔታ ፕሮግራም ስሙን ያገነነው እዚያ ነው። የነዚህ ሲሙሌተሮች የቆየ በሽታ ከአንድ ጣቢያ ክልል ወደ ሌላው ስትሻገሩ ነፋሱ መዝለሉ ነበር፤ በክሩዝ ላይ ያለ፣ ማለትም ከፍታውን ይዞ የሚጓዝ አውሮፕላን በአንድ ሰከንድ 40 ኖት የፊት ነፋስ ሲያጣ የአየር ፍጥነቱ ይወድቃል፣ ኦቶፓይለቱ ይለቃል። ስለዚህ ነው አክቲቭ ስካይ ነፋሱን በጣቢያዎቹ በኩል ሳይሆን በቀጥታ አውሮፕላኑ ባለበት ቦታ የሚቆጣጠርበት ሴቲንግ የጨመረው። ዛሬም ኤፍኤስኤክስ ላይ ካላችሁ ይህ ሴቲንግ መብራቱን አረጋግጡ።

ሌላው ሲሙሌተር ኤክስ-ፕሌን 11 የሚቀበለው ሦስት የነፋስ ንብርብርና ሦስት የደመና ንብርብር ብቻ ነበር። በሦስት ንብርብር ከመሬት እስከ 40,000 ጫማ መሸፈን አይቻልም፤ ፕለጊኖቹ አውሮፕላኑ በወጣና በወረደ ቁጥር ሦስቱን ንብርብሮች በዙሪያው እንደገና ይጽፉ ነበር። ኤክስ-ፕሌን 12 የነፋስ ንብርብሮቹን ወደ 13 ከፍ አድርጎ የሞዴሉንና የሜታሩን መረጃ ራሱ ያወርዳል፤ የወረዱትን ፋይሎች አውትፑት በሚባለው ፎልደር ሥር፣ ሪል ዌዘር በሚለው ውስጥ ታገኛላችሁ። «ነፋስ የለም» የሚል ቅሬታ ሲኖራችሁ መጀመሪያ እዚያ ገብታችሁ የፋይሎቹን ሰዓት ተመልከቱ፤ የትናንት ከሆኑ ችግሩ ኢንተርኔቱ ወይም ፋየርዎሉ ነው።

እ.ኤ.አ. ነሐሴ 2020 የወጣው የማይክሮሶፍት ፍላይት ሲሙሌተር ሌላ መንገድ ያዘ። የቀጥታ አየር ሁኔታውን ሜቲዮብሉ ከተባለው የስዊዘርላንድ ድርጅት ሞዴል ያገኛል፤ ሜታር የተቀላቀለበት ቆይቶ ነው። ለውጭ ፕሮግራሞች ግን የቀድሞውን በር አልከፈተም። አክቲቭ ስካይም ሆነ ሬክስ ዌዘር ፎርስ የተባለው ሌላ ፕሮግራም የሚሠሩት በዝግጁ አየር ሁኔታ ፋይል በኩል ነው፦ ፋይሉን ይጽፋሉ፣ ሲሙሌተሩ ይጭነዋል፣ እየበረራችሁ ይቀያይሩታል። ይህ የሚያስከትለውን ነገር ከመግዛታችሁ በፊት እወቁ። በዚህ መንገድ የሚሰጠው አየር በአንድ ጊዜ አንድ ነው፤ እናንተ ያላችሁበት ቦታ ሁኔታ በአድማሱ ሁሉ ይዘረጋል። 200 ኪሎ ሜትር ወደፊት ያለውን የነጎድጓድ ግንብ ከሩቅ አይታችሁ ለመዞር መዘጋጀት አትችሉም፤ ስትቃረቡ ነው የሚፈጠረው። በምላሹ ማረፊያው ላይ ያለው ነፋስ፣ ግፊትና የደመና ከፍታ ለሜታሩ ይበልጥ ታማኝ ይሆናል። የሲሙሌተሩ የራሱ የቀጥታ አየር ደግሞ በተቃራኒው ነው፤ የሩቁን ሰማይ አሳምሮ ያሳያል፣ ጣቢያው ላይ ሲደርስ ይስታል። ረጅም በረራ በእይታ ለመደሰት ለሚፈልግ የራሱ የቀጥታው አየር ይበቃል ብዬ አምናለሁ፤ በመሣሪያ ብቻ እየተመሩ ለማረፍ መቅረብን ለሚለማመድ ግን ተጨማሪው ፕሮግራም ዋጋው ተገቢ ነው።

ገንዘብ ማውጣት ለማይፈልግ ፍላይትጊር የተባለ ሲሙሌተር አለ፤ ሙሉ በሙሉ ነፃ ነው። የተራቀቀው የአየር ሁኔታ ሥርዓቱ ሰማዩን 40 በ40 ኪሎ ሜትር በሆኑ ካሬዎች ከፍሎ ይሠራል፤ መሬቱ ደመናውን እንዴት እንደሚያነሳውም ያሰላል። የአየር ሁኔታ መስኮቱ ውስጥ «ማኑዋል ኢንፑት» የሚለውን መርጣችሁ ማንኛውንም ሜታር በእጅ መጻፍ ትችላላችሁ። ኢንተርኔቱ ለሚቆራረጥበት ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ አንድ ሜታር በስልክ አንብቦ ማስገባት ይበቃል። የአሜሪካው አዮዋ ስቴት ዩኒቨርሲቲ የዓለምን የቆዩ ሜታሮች በነፃ ስለሚያስቀምጥ የዛሬ ሦስት ዓመት ሐምሌ የወጣውን የቦሌ ዘገባ ፈልጋችሁ በዚያው ቀን አየር ማረፍም ይቻላል።

ተከላው ላይ ብዙ ጊዜ የሚያበላሸው ሁለት ገዥ መኖሩ ነው። የሲሙሌተሩ የራሱ የቀጥታ አየር በርቶ እያለ ተጨማሪው ፕሮግራምም ይሠራል፤ ሁለቱ በየተራ ይጽፋሉ። ደመናው በየጥቂት ደቂቃው ብልጭ ድርግም ካለ፣ ወይም ነፋሱ በሁለት ቁጥሮች መካከል ከተመላለሰ ሌላ ምክንያት አትፈልጉ። ኤፍኤስኤክስና ፒ-ስሪ-ዲ ላይ በራስ የተመረጠ አየር ላይ አድርጉት፤ በየ15 ደቂቃው የሚያድሰውን የራሱን አገልግሎት አጥፉ። የ2020ው የማይክሮሶፍት ሲሙሌተር ላይ ፕሮግራሙ የሚጽፈውን ዝግጁ አየር ከዝርዝሩ ምረጡ፤ «ቀጥታ» የሚለው ላይ ከተዋችሁት ፕሮግራሙ ይሠራል፣ ሰማዩ ግን አይሰማውም። ፕሮግራሙን አስቀድማችሁ ክፈቱ፣ ማውረዱን እስኪጨርስ ጠብቁ፣ ከዚያ በረራውን ጫኑ። በረራ ላይ ሆናችሁ መጫን ካለባችሁ ግን በክሩዝ ላይ፣ ከማረፊያ ርቃችሁ አድርጉት።

ኢንተርኔት ሲቋረጥ ፕሮግራሙ በአብዛኛው ዝም ብሎ የመጨረሻውን መረጃ ይዞ ይቀጥላል። ስለዚህ ከመነሳታችሁ በፊት ዘገባው ላይ ያለውን ቀንና የዙሉ ሰዓት አንብቡ። የመንገጫገጭ መጠንም ይስተካከላል፦ ብዙ ፕሮግራሞች ሲጫኑ ከመጠን በላይ አድርገውት ይመጣሉ፣ ሲሙሌተሩ ደግሞ የራሱን ይጨምርበታል። ከሁለቱ በአንዱ ብቻ አስነሱት። የግራፊክስ ካርዱ ሲቸገር መጀመሪያ የደመናውን ጥራት በአንድ ደረጃ አውርዱ፤ ነፋሱና ሙቀቱ በዚያ አይነኩም።

ፍተሻውን ቆማችሁ ጀምሩ። ቦሌ ማቆሚያ ላይ ሆናችሁ ከፍታ መለኪያውን በሜታሩ ግፊት በእጅ ሙሉ። በማይክሮሶፍት ሲሙሌተሮች የቢ ቁልፍ ራሱ ስለሚያስተካክለው ለፍተሻ አትንኩት፤ ሲሙሌተሩን በራሱ መልስ መፈተን ይሆናል። 1024 ስታስገቡ 7,600 ጫማ አካባቢ ማንበብ አለባችሁ። 300 ጫማ ዝቅ ብሎ ካነበበ በሲሙሌተሩ ውስጥ ያለው ግፊት 1024 ሳይሆን 1035 አካባቢ ነው፤ 300 ጫማ ከፍ ካለ ደግሞ 1013፣ ማለትም የሜታሩ ግፊት ጭራሽ አልገባም፣ መደበኛው ላይ ቆሟል ማለት ነው። አንድ ሄክቶፓስካል 28 ጫማ ገደማ ስለሚያህል ስሕተቱን ራሳችሁ መልሳችሁ ማስላት ትችላላችሁ።

ለማረፍ ስትመጡም አየሩ ራሱ ይመሰክራል። 24 ዲግሪ በሆነ ከሰዓት ቦሌ ላይ ያለው አየር 10,000 ጫማ ላይ እንዳለ መደበኛ አየር ስስ ነው። የፍጥነት መለኪያው 140 ኖት ሲል አውሮፕላኑ በእውነት 163 ኖት ገደማ ይሄዳል። ነፋስ በሌለበት የመሬት ፍጥነቱ ይህን ካላሳየ፣ ለምሳሌ 157 ካለ፣ ሙቀቱ አልገባም። በዚያ ፍጥነት 3 ዲግሪ ቁልቁለት ለመያዝ በደቂቃ 860 ጫማ ያህል መውረድ ያስፈልጋል፤ በባሕር ወለል ማረፊያዎች በለመደ እጅ በ700 የሚወርድ ሰው ማኮብኮቢያውን አልፎ ያርፋል።

ለላይኛው ነፋስ የምመክረው በረራ በጥር ከአዲስ አበባ ካይሮ ነው። 38,000 ጫማ ላይ ሆናችሁ ቀጥታ በሱዳን ላይ ወደ ሰሜን ስትሄዱ መጀመሪያ ነፋሱ ደካማ ነው። አስዋን አካባቢ ስትደርሱ በሰሜኑ የብርድ ወራት የሚበረታው ጄት ስትሪም፣ ማለትም በከፍታ የሚሄድ ጠንካራ የነፋስ ጅረት ይቀበላችኋል፤ ከምዕራብ፣ ብዙ ቀን ከ80 ኖት በላይ፣ 100 መሻገሩም ብርቅ አይደለም። 100 ኖት ከግራ ጎን ሲመታ፣ 450 ኖት የሚሄድ አውሮፕላን መስመሩን ለመጠበቅ አፍንጫውን 13 ዲግሪ ያህል ወደ ግራ ማዞር አለበት። ይህ በማሳያው ላይ በግልጽ ይታያል። ከመነሳታችሁ በፊት ሲምብሪፍ በተባለው የበረራ ዕቅድ ድረ ገጽ ያዘጋጃችሁትን ዕቅድ ከጎን ይዛችሁ በየነጥቡ ያለውን ነፋስ አወዳድሩ። 10 እና 15 ኖት ልዩነት የሞዴል ዕድሜ ነው፤ ነፋሱ ጭራሽ ካልተለወጠ ፕሮግራሙ የላይኛውን መረጃ አላወረደም። ሐምሌ ላይ ከሆነ ደግሞ ሌላውን አቅጣጫ ሞክሩ፤ በኢትዮጵያ ላይ በከፍታ የሚነፍሰው የክረምት ጄት ከምሥራቅ ስለሆነ ወደ ምዕራብ አፍሪካ ስትሄዱ ከኋላ ይገፋችኋል።

የመጨረሻው ጉዳይ በቫትሲምና በመሰል የኢንተርኔት የበረራ ኔትወርኮች ላይ ከሌሎች ጋር ለምትበሩ ነው። እዚያ ተቆጣጣሪው የሚሠራው በኔትወርኩ ሜታር ነው፤ እናንተ ጋ ያለው ሰማይ የእናንተ ብቻ ነው። ከፍታ ላይ ያለው ልዩነት ለመረዳት ትንሽ ይከብዳል። አየሩ ከመደበኛው በ10 ዲግሪ በሞቀ ቁጥር እውነተኛው ከፍታ መለኪያው ከሚለው በ4 በመቶ ያህል ይበልጣል። 12 ዲግሪ በሞቀ አየር 35,000 የሚያነብ አውሮፕላን በእውነት 1,700 ጫማ ገደማ ከፍ ብሏል። ይህን የሚያሰላ ሲሙሌተርና የማያሰላ ሲሙሌተር በአንድ ሰማይ ላይ ሲገናኙ በአንድ ከፍታ የተመደቡ ሁለት አውሮፕላኖች አንዱ ከአንዱ በላይ ሆነው ይታያሉ። ስለዚህ ከኔትወርኩ ጋር የሚያገናኛችሁን ፕሮግራም ሁልጊዜ አዲሱን ዕትም ተጠቀሙ፤ አዲሶቹ የሚልኩት የግፊት ከፍታን ነው። እናንተም ከፍታ መለኪያውን መሸጋገሪያው ከፍታ ላይ 1013 ማድረግ አትርሱ፣ ስትወርዱ ደግሞ ተቆጣጣሪው የሰጣችሁን ግፊት አስገቡ እንጂ ፕሮግራማችሁ ያሳያችሁን አይደለም። የተመደበላችሁ ማኮብኮቢያ ላይ በእናንተ ሲሙሌተር ከ10 ኖት በላይ የጀርባ ነፋስ ካገኛችሁ፣ ብዙ የመንገደኛ አውሮፕላኖች የሚፈቅዱት ከዚያ አይበልጥምና፣ ለተቆጣጣሪው ቁጥሩን ንገሩትና ተቃራኒውን ማኮብኮቢያ ጠይቁ። ሌላ አውሮፕላን በመስመሩ ላይ ስላለ ካልተፈቀደላችሁ ፕሮግራሙን ወደ ማኑዋል ቀይራችሁ የኔትወርኩን ሜታር ነፋስ አስገቡ፤ ይህንንም ከማረፊያው 30 ማይል ሳትቀርቡ ጨርሱት።